ይመር ያልተናገራት አንዲት ቃል

ይመር መሞቱን የሰማሁት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ነው። ከሂሳብ ክፍል ተዋበች ደወለችና «ሙሉ፣ ሰማሽ? ይመር ዐረፈ። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው» አለችኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩ። ለወጉ ያህል አልነበረም፤ ከልቤ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ፊቴን አይቶ «ዘመድ ነው?» ቢለኝ «ባልደረባዬ ነበር። መጨረሻው ያማረ ሰው» ብዬ መለስኩለት። በዚህ ቃሌ የጸናሁት እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው። ከምሳ በኋላ ለቀብሩም አልወጣሁም።

አሁን ስሙ ሲነሳ ያቅለሸልሸኛል። በሞተ ሰው ላይ እንዲህ ማለት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር በበርበሬ ታጥነኝ ነበር። ግን የማይረሳ ሰው ሁሉ ደግ መሆን አለበት ያለው ማነው? እኔ ደጎቹን በየጊዜው እረሳለሁ። መርሳት ያቃተኝ ይመርን ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት የማቀዝቀዣ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ቅዝቃዜ የሚፈልግ መድኃኒት ሁሉ በእጄ ነው የሚያልፈው። ይመር ደግሞ ፎቅ ላይ፣ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ጎን፣ በመስታወት የተከለለ የራሱ ክፍል ነበረው። በሩ ላይ «የኤሌክትሮኒክ መረጃ ልውውጥ አስተዳዳሪ» የሚል ተለጥፏል። ጫኝና አውራጆቹ ይህን ሁሉ ከማንበብ ብለው «መልእክተኛው» ይሉታል። ሥራው እንዲህ ነው። በየከተማው ያሉ ደንበኞቻችን መድኃኒት ሲያልቅባቸው አይደውሉም፣ ወረቀትም አይጽፉም። የእነሱ ኮምፒውተር ለእኛ ኮምፒውተር ትእዛዝ ይልካል፤ የእኛው ደግሞ «አለ» ወይም «የለም»፣ ሲጫንም «ተጭኗል፣ በዚህ ቀን ይደርሳል» ብሎ ይመልሳል። አንዱ መድኃኒት ቤት መድኃኒቱን በአንድ ስም፣ ሌላው በሌላ ስም መዝግቦት ስለሚሆን ሁለቱ ማሽኖች ዝም ብለው ቢተዉ አይግባቡም። መሐል ገብቶ የሚያስማማቸው፣ ሲጣሉም የሚያስታርቃቸው ይመር ነበር። የማሽን ሽማግሌ በሉት።

ሥራውን ያውቃል። ይህን ሳልናገር ባልፍ እኔም የእሱ ብጤ እሆናለሁ። አንድ ጊዜ ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ፕሮግራም መጣና ትእዛዙ ሁሉ ተደበላለቀ፤ የሕፃናት ሽሮፕ ያዘዘው ፋሻ ደረሰው፣ ፋሻ ያዘዘው የዓይን ጠብታ። ከአዲስ አበባ የተላኩት ባለሙያዎች አንገታቸውን ደፍተው ሲነጋገሩ ይመር እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። የእያንዳንዱን ደንበኛ ስያሜ ከእኛ ስያሜ ጋር እያገናኘ፣ እያንጎራጎረ፣ በመሐል ቀልድ ጣል እያደረገ ሁሉንም መስመር አስያዘው። ያን ዕለት እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ሲለብስ ያምርበታል። ጫማው የኮምቦልቻ አቧራ አይነካውም፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ደረጃውን ይወርዳል። ብርቱካን ይወዳል። ጠረጴዛው ላይ ልጦ ይበላና ጣቱን ልሶ ሲያበቃ በዚያው ጣቱ ኪቦርዱን ይነካል። አንድ ቀን የሆነ ነገር እንድጽፍለት ወንበሩን ለቀቀልኝና ጣቴ ከፊደሎቹ ጋር ተጣብቆ ቀረ። ታጥቤ ታጥቤ አልለቅ አለኝ። «ሙልዬ፣ ጣፋጭ የሚጸየፍ ሰው ያየሁት ባንቺ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ሲስቅ ትከሻዬን ይይዛል። የሁሉንም ሰው ትከሻ ይይዛል።

መሐላው ደግሞ ለብቻው ነው። እናቱ ከክርስቲያን፣ አባቱ ከእስላም ወገን ናቸው። ይህ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ በአንድ ቤት ፋሲካውም አረፋውም ሲከበር ማንም ዞር ብሎ አያይም። ሌላው ሰው ከዚህ የሚያተርፈው የሁለት ወገን ዘመድ ነው። ይመር ያተረፈው የሁለት ወገን መሐላ ነበር። የደወሉት የሰኞ ገበያው ደንበኛችን ሐጂ ከሆኑ «ወላሂ ሐጂ፣ መኪናው ወጥቷል፤ ይመኑኝ» ይላል። የደወለችው እኔን የመሰለች ከሆነች «ማርያምን እልሻለሁ፣ ወጥቷል» ይላል። ሲምል ግቢው ውስጥ እየተንጎራደደ ነው፤ ወጣ የተባለው መኪና አጠገቡ ጎማው ተፈትቶ በድንጋይ ቆሟል።

አንድ ቀን አላስችል አለኝና «አንተ ሰው፣ አትፈራም?» አልኩት።

«ምኑን?»

«መሐላውን ነዋ።»

«መኪናው እኮ መውጣቱ አይቀርም ሙልዬ። ትንሽ ቀደም ብዬ ተናገርኩ እንጂ ምኑን ዋሸሁ?»

ይህች አነጋገሩ የሥራውም መመሪያ ነበረች። «መልእክቱ ይሂድ፤ ዕቃው ይደርስበታል» ይል ነበር። ዋናው መሥሪያ ቤት ቅርንጫፎችን የሚመዝነው ትእዛዝ በደረሰበት ቀን ምላሽ በመስጠታቸው ነው። ምላሽ የዘገየበት ቅርንጫፍ አዲስ አበባ ባለው ሰሌዳ ላይ በቀይ ይታያል። ይመር የኮምቦልቻን ስም ቀይ አስነክቶት አያውቅም። ካርቶኑ ገና መደርደሪያ ላይ እያለ፣ አንዳንዴም ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሳ፣ «ተጭኗል» የሚለው መልእክት ከእሱ ጠረጴዛ ይወጣል። ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ስለሚከተል የተጎዳ ሰው አልታየም። ሥራ አስኪያጁ በየስብሰባው «ከይመር ተማሩ» ይለናል። እኔ ደግሞ በየስብሰባው እጄን አወጣለሁ። «መድኃኒት ነው እኮ የምንሸጠው፤ ያልተጫነውን ተጭኗል ማለት ምን የሚሉት ነው?» ስል ሥራ አስኪያጁ «ወይዘሮ ሙሉ፣ አንቺ ቅዝቃዜውን ጠብቂ» ይለኛል። ሰው ይስቃል። ይመርም ይስቅና ሲወጣ ትከሻዬን ይይዛል።

እናቴ የታመመች ጊዜ ግን ሥራውን ጥሎ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ፣ እቤታችን ድረስ መኪናውን አመጣ። ደረጃ መውረድ ሲያቅታት አዝሏት ወረደ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እስክንደርስ «እማማ፣ እርስዎ እኮ ድረውኝ ነው የሚሞቱት፤ ገና ሚስት አልመረጡልኝም» እያለ ሲያስቃት ነበር፤ የሦስት ልጆች አባት ሆኖ። እናቴ እስክትሞት «ያ ሸጋ ልጅ» ትለው ነበር። ያን ቀን ወደድኩት። ሙሉ በሙሉ ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት በተገላገልኩ።

አሁን ወደ ሲስተር ዘሀራ ልምጣ። ዘሀራ ለብዙ ጊዜ ነርስ ሆና ከሠራች በኋላ ከኮምቦልቻ ወረድ ብላ ባለችው ሐርቡ ከተማ ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፍታለች። በሥራ ተዋውቀን እህትማማች ሆነናል። ከደንበኞቿ አንዱ ከድር የሚባል ባለ ባጃጅ ነበር። ከልጅነቱ ስኳር አለበት፤ ያለ ኢንሱሊን ውሎ ማደር አይችልም። ቤቱ ፍሪጅ ስለሌለ ብልቃጡ የሚቀመጠው ዘሀራ ዘንድ ነው። ጠዋት ሥራ ሳይጀምር፣ ማታም ሲገባ ባጃጁን በሯ ላይ አቁሞ ይወጋና ይሄዳል። «እኔ የሲስተር ቀለብተኛ ነኝ» ይል ነበር። ገና ማግባቱ ነበር፤ ሚስቱን በባጃጁ ሲያንሸራሽር ያላየው የሐርቡ ሰው የለም።

በዚያ ሰሞን ኢንሱሊን ጠፋ። ከአዲስ አበባ የሚመጣልን ዘገየና የእኔ መደርደሪያ ባዶውን ቀረ። ማክሰኞ ጠዋት የዘሀራ ኮምፒውተር ትእዛዝ ላከ። ይመር ጭነቱ ከአዲስ አበባ ሊነሳ ነው ሲሉት ሰምቷልና ማታ ይገባል፣ ነገ ሐርቡ ይደርሳል ብሎ አሰበ፤ እንደ ልማዱም «ተጭኗል» ብሎ መለሰላት። እኔ አልሰማሁም። መልእክቱ የሚወጣው ከእሱ ጠረጴዛ ስለሆነ በእኔ በኩል የሚያልፍበት መንገድ የለም። ከአዲስ አበባ ይነሳል የተባለው ጭነትም ሳይነሳ ቀረ።

የዚያኑ ቀን ደሴ ያለ አንድ ባለ መድኃኒት ቤት ለዘሀራ ደውሎ «አንድ ብልቃጥ ተርፎኛል፤ ለዚያ ለባጃጁ ልጅ ላስቀምጥልሽ?» አላት። ስክሪኗን አየች። ተጭኗል ይላል። «አላህ ይስጥልኝ፣ የኔ መንገድ ላይ ነው። ላጣ ሰው ስጠው» አለችው። ከድር ሲመጣም «ጠብቅ፣ ነገ ይደርሳል» አለችው። ከድርም ጠበቀ። የቀረችውን ጠብታ ከፋፍሎ ተወጋና ወደ ሥራው ሄደ።

ረቡዕ አልደረሰም። ዘሀራ ለይመር ደወለች። «ወላሂ ሲስተርዬ፣ መኪናው ወጥቷል። ከኮምቦልቻ ሐርቡ ምን አላት? አብሽሪ» አላት። ወላሂ ያለን ሰው እንዴት አላምንህም ትበለው? ሐሙስ ጠዋት ከድር ባጃጁን መንዳት አቅቶት በሁለት ሰው ተደግፎ መጣ። ያስመልሰዋል፣ አተነፋፈሱ ልክ አይደለም። ነርስ ናትና ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። አምቡላንስ አስጠርታ በዚያው ለእኔ ደወለች።

«ሙሉ፣ የኔን ኢንሱሊን የጫነው መኪና የት ደረሰ?»

«የምን ኢንሱሊን? እኔ ዘንድ አንድ ብልቃጥ የለም። ካለቀ ቆየ እኮ።»

«ተጭኗል ይላል እኮ» አለችኝ፤ ድምፅዋ የሕፃን ልጅ ሆነ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ይመር ብርቱካን እየላጠ ነበር። ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። አመድ ሲመስል ሳየው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ፤ ለካ ሰው ነው አልኩ። ግን ወደ ስልኩ አልዘረጋም። ወደ ኪቦርዱ ዞረ። አጠገቡ ቆሜ፣ ዓይኔ እያየ፣ ለዘሀራ ኮምፒውተር የስረዛ መልእክት ላከ። እንዲህ ያለው መልእክት ሲደርስ የፊተኛው «ተጭኗል» ከስክሪኗ ላይ ይጠፋና በቦታው «ዕቃው የለም» የሚል ይተካል።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«እያስተካከልኩ ነዋ። ዕቃው የለም አላልሽም? እውነቱን ነው የጻፍኩት።»

ይህን ሲለኝ ከንፈሩ ላይ የብርቱካን ውኃ ነበር። እስከ ዛሬ ብርቱካን ሲላጥ ከሸተተኝ ተነስቼ እወጣለሁ።

ጃኬቱን ያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። በገዛ መኪናው ደሴ ወጥቶ ለምኖ አስለምኖ አንድ ብልቃጥ አገኘ። ወደ ሐርቡ ሲከንፍ ከድርን የጫነው አምቡላንስ ወደ ደሴ ይወጣ ነበርና መንገድ ላይ ተላለፉ። ይመርም ከሐርቡ ተመልሶ ሆስፒታል ደረሰ፤ ብልቃጡን በአንድ እጁ፣ በፌስታል ፍራፍሬ በሌላው ይዞ። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አደረጉ። ከድር ቅዳሜ ጠዋት ሞተ።

ለቅሶው ሐርቡ ነበር። ይመር ከሥራ አስኪያጁ ጋር መጣ። ወሬው ቀድሞት ደርሷልና የከድር እናት ከተቀመጡበት ተነሱ። «ልጄን ላድን ብለህ ስትሮጥ የዋልከው አንተ ነህ? አላህ ዕድሜህን ያርዝመው» ብለው ትከሻውን ሳሙት። ጎንበስ ብሎ ተሳመ። አለቀሰም። እንባው የእውነት ነበር፤ ከሁሉ የሚያስጠላኝም ይኸው ነው። የውሸት እንባ ቢሆን ንቄው በተውኩት።

ከዚያ ዘሀራን ጥግ ላይ ኩርምት ብላ አያት። ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ሲስተርዬ፣ ራስሽን አትጉጂ። ሰው ነሽ። ስክሪን ያደናግራል፤ ስንቱ ነው የለም የሚለውን ተጭኗል ብሎ የሚያነበው። አብሽሪ» አላት። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ዞሮ ዘሀራን አየ። እሷ እጆቿን አየች።

ተነሳሁ። «መልእክቱን የላከው እሱ ነው» አልኩ። «መድኃኒቱ አልነበረም። ተጭኗል ብሎ ጻፈላት፤ እሷም የተጻፈላትን ነው ያነበበችው። ኋላ አጠፋው። ሲያጠፋው አጠገቡ ነበርኩ።»

መቁጠሪያ የያዙ አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው «ልጄ፣ እዚህ የሚደረገው ዱዓ ነው። ክስ ካለሽ ቦታ አለው» አሉኝ። ሌላው «ቀደር ነው፤ ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። ተዋበች ነጠላዬን ጎተተችኝ። ይመር እንደ ሕመምተኛ እያየኝ «ሙልዬም አዝናለች። ኀዘን ብዙ ያናግራል» አለና ከንፈሩን መጠጠልኝ። ሰዉም አብሮት መጠጠልኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመናገር ቃል ስፈልግ የማገኘው አንድ ነው፤ ቀፈፈኝ። እሱም ቀፈፈኝ፣ ለማስታረቅ ሲል እውነቱን የሚያልፈው ጨዋነታችንም ቀፈፈኝ።

ክስ ቦታ አለው ተብያለሁና ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝ። ሲስተሙ ተሳስቶ ሊሆን ስለሚችል ይጣራል አለኝ። ማን እንዲያጣራ እንደታዘዘ መናገር አለብኝ? ሲስተሙን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ይመር ታዘዘ። ይመርም አጣርቶ ሲስተሙ ምንም ስሕተት እንደሌለበት አስታወቀ። ይህ ደግሞ እውነት ነው፤ ሲስተሙ ምንም አላጠፋም። ትንሽ ቆይቶም ሌሎች ቅርንጫፎችን እንዲያሠለጥን ተላከ።

ዘሀራ ግን ታመመች፤ በሽታ የማይባል ሕመም። ከአምቡላንሱ በኋላ ወደ ስክሪኗ ተመልሳ ስታይ «ዕቃው የለም» ይላል። ማክሰኞም ረቡዕም ያየችው ሌላ ነበር። ወይስ አልነበረም? «ሙሉ፣ ከመጀመሪያው የለም እያለኝ ይሆን? ያን ብልቃጥ ለሌላ ስጠው ያልኩት አጥርቼ ሳላነብ ነው?» ትለኛለች። አልተሳሳትሽም፣ ሲያጠፋው ቆሜ አይቻለሁ እላታለሁ። «አንቺማ ስለምትወጂኝ ነው» ትላለች። ደሴ ወጥታ ዓይኗን ታየች። ሐኪሙ ዓይንሽ ጤነኛ ነው ሲላት እንደ መርዶ ሆነባት፤ ዓይኗ ጤነኛ ከሆነ የተሳሳተው ሌላ ነገሯ ነዋ። ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ ሲመጣ ብቻዋን አታነብም። ጨው ልትገዛ የምታልፍ ጎረቤትም ብትሆን «ነይ እስቲ፣ ይቺን አንብቢልኝ» ብላ ታስገባለች። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች።

አንድ ቀን «እሱ ራሱ ቢነግረኝ አምን ነበር» አለችኝ። «አልከሰውም። ሰው ፊትም አይበለው። በስልክ ብቻ፣ ተጭኗል ብዬ ልኬልሽ ነበር ይበለኝ። አንዲት ቃል ናት። ከዚያ እተኛለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከይመር ጋር ሌላ ጉዳይ አልነበረኝም። የጠዋት ሰላምታዬ «ደውልላት» ሆነ። ለአረፋ እደውላለሁ ይለኛል፤ አረፋ ያልፋል። ለእንቁጣጣሽ ይለኛል፤ እንቁጣጣሽ ያልፋል። አንዴ ትዕግሥቴ አለቀና ስልኩን ከጠረጴዛው አንስቼ፣ ቁጥሯን መትቼ፣ ጆሮው ላይ ለጠፍኩለት። «አሰላሙ አለይኩም ሲስተርዬ! እንዴት ነሽ? ሐርቡ እንዴት ነው? ሙቀቱስ? ምንም አይደል፣ ሙሉ ናፍቀሻት ኖሮ ነው ያስደወለችኝ» ብሎ ስልኩን መልሶ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ ፈገግ አለ። ስልኩ በላቡ ርሷል፤ በቀሚሴ ጠረግሁት። ከዚያ ከዘሀራ ጋር ስለ ሙቀቱ አወራን፤ ሌላ ምን እናውራ?

ባለፈው ክረምት ታመመ። ጉበቱ ነው አሉ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ካለው ቤቱ መውጣት አቃተው። ልጠይቀው ሄድኩ፤ ይህን ያህል ጨካኝ አይደለሁም። ሚስቱ አስገባችኝና ሻይ ልታፈላ ወጣች። ያ ሁሉ ሽቶ የለም። ቆዳው ቢጫ ሆኖ፣ ያ ሰው ትከሻ ላይ የማይጠፋው እጁ ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ተጣለ ጓንት ወድቋል። ስለ እናቴ አነሳ፤ ቦሩ ሜዳ ስለወሰድናት ቀን። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ወንበሬን አስጠጋሁ።

«ይመር፣ ዘሀራን...» ስል አላስጨረሰኝም።

«ደወልኩላት» አለኝ።

«መቼ?»

«ትናንት። ሁሉንም ነገርኳት። የላክሁት እኔ ነኝ፣ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ አውፍ ብዬሃለሁ አለችኝ።»

«እውነትህን ነው?»

«ማርያምን።»

በዚያ ፊት፣ በዚያ ትንፋሽ ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር ማነው? ጎንበስ ብዬ ግንባሩን ሳምኩት። «አንተ ሰው» አልኩት። እሱም እጄን ያዘና ዓይኑን ጨፈነ፤ ሸክም የወረደለት ሰው ይመስል ነበር። ሚስቱ ሻዩን ይዛ ስትገባ ሁለታችንም እያለቀስን አገኘችን። ወደ ቤቴ ስወርድ በሰኞ ገበያ ግርግር መሐል ሰው ሁሉ ሲገፋኝ ዝም ብዬ እስቅ ነበር። መሥሪያ ቤትም «ይመርን እንዳታሙብኝ፤ የወንድ ሥራ ሠርቷል» ብዬ አወራሁ። ለዘሀራ አልደወልኩም። እንዲህ ያለውን ነገር ቆስቁሰው አያወጡትም፤ ራሷ ስታነሳው እሰማታለሁ ብዬ ተውኳት።

እንግዲህ መሞቱን በሚኒባስ ውስጥ ስሰማ «መጨረሻው ያማረ ሰው» ያልኩት ለዚህ ነው። ለምሳ ስንወጣ ሽሮዬ እስኪመጣ ለዘሀራ ደወልኩላት።

«ሰማሽ? ይመር ሞተ።»

«ሰማሁ። አላህ ይማረው።»

«ደግነቱ ሳይሞት ተነጋገራችሁ። ስንት ዘመን ለመንኩት መሰለሽ።»

«ማን ከማን ጋር?»

«አንቺና እሱ ነዋ። ደውሎ ነገረሽ የለ? አልቅሳ አውፍ አለችኝ ብሎኛል እኮ።»

የያዘችውን ነገር ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ሰማኋት።

«ሙሉ» አለችኝ፣ «ማንም አልደወለልኝም።»

ሽሮው መጥቶ ፊቴ ተቀመጠ። በእጄ ገፋሁት። የሳምኩት ግንባሩ ቅዝቃዜ ከንፈሬ ላይ ያለ መሰለኝና በነጠላዬ ጠረግሁት፣ ደግሜ ጠረግሁት። ሰው እየሞተ ምን ያተርፍበታል? ቁልፍ የሚጫን ጉልበት ያጣ ሰው፣ ስልክ አንስቶ አንዲት ቃል ከመናገር ተናግሬያለሁ ብሎ መማል ቀለለው። እኔም መሐላውን አምኜ በየቢሮው ስሙን ሳድስለት ከረምኩ። ዘሀራ ያ ሁሉ ጊዜ ሐርቡ ላይ ተቀምጣ ለመንገደኛ ስክሪን ታስነብብ ነበር።

«ዘሀራ፣ ስሚኝ» አልኳት። «እኔ ነበርኩ። ዓይኔ አይቷል። ተጭኗል ነበር የሚለው። አልተሳሳትሽም።»

«አውቃለሁ፣ ትነግሪኛለሽ» አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። የፍሪጇን በር ስትከፍት ወይም ስትዘጋ ተሰማኝ። ከዚያ «አሁንማ ማን ይነግረኛል?» አለች።

ስልኩን እሷም አልዘጋችው፣ እኔም አልዘጋሁት።